ጅራቱን የሚያኝክ ውሻ፤ ምክንያቱና መፍትሔው

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል ያገራችን ሰው። በእርግጥም ውሻ ለገበሬ ደመወዝ የማይጠይቅ ዘበኛ ነው። ሌሊት ጅብ ወደ በረት እንዳይቀርብ ይጠብቃል፤ ቀን ዝንጀሮና ጦጣ ከማሳ ያባርራል፤ እንግዳ ሲመጣም አስቀድሞ ለባለቤቱ ያስታውቃል። ሆኖም በሬ ሲታመም ገበሬው እንቅልፍ አጥቶ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ውሻ ሲታመም ግን «ውሻ ነው፤ ራሱ ልሶ ያድነዋል» ተብሎ ይተዋል። ይህ አስተሳሰብ ጉዳት እንዳለው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ታሪክ ያስረዳል።

አንድ ቀን የገብስ ማሳ ለማየት ወደ አንድ አዛውንት ገበሬ ቤት ሄድሁ። ውሻቸው ከበረቱ አጠገብ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ፣ እየተሽከረከረ የገዛ ጅራቱን ያኝካል። የጅራቱ ጫፍ ተቆርጧል፤ ጉማጁም ደምና መግል ይዟል።

«አባቴ፣ ይህ ውሻ ምን ሆኖ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ ጅራቱን ማኘክ ከጀመረ አንድ ወር አለፈው። ብቆርጠው ይተወዋል ብዬ ጫፉን በማጭድ ቆረጥሁት፤ እርሱ ግን የቀረውን ያኝካል። አሁንስ ልገድለው ነው» አሉኝ።

በዚህ ጊዜ ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው፣ «ልጁንስ መንከሱን ለምን አትነግረውም?» አሏቸው። ለካስ ከሦስት ቀን በፊት የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው ጅራቱን ሲነካበት ውሻው እጁን ነክሶት ኖሯል። ቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት ነስንሰው በጨርቅ አስረውታል። የውሻ ጅራት ነገር መስሎ የጀመረው ጉዳይ የሕፃን ነፍስ ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

እኔ በእርሻ ኮሌጅ የተማርሁት ይበልጡን ስለ ሰብል ነው፤ የከብት ሐኪም አይደለሁም። ቢሆንም ማናቸውም ገበሬ በቤቱ ሊያውቀውና ሊያደርገው የሚችለውን፣ ወደ ሐኪም መወሰድ ያለበትንም ለይቼ በዚህ ጽሑፍ አስረዳለሁ።

፩. ከሁሉ አስቀድሞ፤ ውሻው እብድ መሆን አለመሆኑ

ጅራቱን የሚያኝክ ውሻ ሁሉ እብድ አይደለም፤ እንዲያውም አብዛኛዎቹ በማሳከክ ወይም በሕመም የሚሠቃዩ ናቸው። ነገር ግን የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ውሻ አንዳንድ ጊዜ ቀድሞ በሌላ ውሻ የተነከሰበትን ስፍራ አጥብቆ ያካል፤ ይነክሳልም። ስለዚህ ውሻውን ከመንካታችሁ በፊት ራቅ ብላችሁ የሚከተሉትን ተመልከቱ።

ጠባዩ ተለውጧልን? ገራም የነበረው ያለ ምክንያት ይነክሳልን? ወይም ኃይለኛ የነበረው ፈዝዟልን? ጩኸቱ ተለውጦ ሻክሯልን? ለሐጩ ይዝረከረካልን? ታችኛው መንጋጋው ወርዷልን? ውሃና ምግብ መዋጥ አቅቶታልን? እንጨትና ድንጋይ ይነክሳልን? ሲሄድ ይንገዳገዳልን? ባለፉት ሳምንታት ወይም ወራት ከማይታወቅ ውሻ ጋር ተናክሷልን?

ከነዚህ አንዱ ቢታይ ውሻውን ማንም አይንካው። ሕፃናትንና ከብቶችን አርቁ፤ ከተቻለ በር ዝጉበት፤ ወዲያውም ለእንስሳት ጤና ባለሙያና ለጤና ኬላ አስታውቁ። መንጋጋው የወረደና ለሐጭ የሚወርደው ውሻ አጥንት የተሰነቀረበት ይመስላል፤ ነገር ግን ማንም ሰው እጁን ወደ አፉ አይስደድ።

ውሻው የሚበላ፣ የሚጠጣ፣ ጌታውን የሚያውቅና ጠባዩ ያልተለወጠ ከሆነ ግን ምክንያቱን ከሚከተሉት ውስጥ መፈለግ ይገባል።

፪. ውሻ ጅራቱን የሚያኝክባቸው ምክንያቶች

ሀ) ቁንጫ። ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ቁንጫ ይበልጡን የሚሰፍረው በጅራቱ ሥርና በወገቡ ላይ ነው። አንዳንድ ውሻ የቁንጫ ምራቅ አይስማማውም፤ እንዲህ ያለውን ውሻ ጥቂት ቁንጫዎች ብቻ ቀኑን ሙሉ ሊያሳክኩት ይችላሉ። ስለዚህ «ብዙ ቁንጫ አላየሁበትም» ብሎ መተው አይገባም። ለማረጋገጥ፣ የጅራቱን ሥር ጠጕር ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ እንደ በርበሬ ፍሬ ስብርባሪ ያለ ጥቁር ብናኝ ፈልጉ። ብናኙን በውሃ በራሰ ነጭ ጨርቅ ላይ ነስንሱት። ቀይ ሆኖ ቢሟሟ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቅላቱም ቁንጫው ከውሻው የጠጣው ደም ነው። አፈር ብቻ ከሆነ አይቀላም።

ለ) እከክ። ይህ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተባዮች ቆዳን ሲቦረቡሩ የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜ ከጆሮ ጫፍ፣ ከክርንና ከሆድ ይጀምራል፤ ጠጕሩ ይረግፋል፣ ቆዳው ይቀርፋል። ውሻውን የሚነካ ሰውም ሊያሳክከው ይችላል። ይህን የሚያክመው የእንስሳት ሐኪም ነው።

ሐ) የፊንጢጣ ከረጢቶች መታመምና የኮሶ ትል። ከውሻ ፊንጢጣ ግራና ቀኝ፣ ከቆዳው በታች፣ የሚሸት ፈሳሽ የሚቋጥሩ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች አሉ። ከረጢቶቹ ሲደፈኑ ወይም ሲመግሉ ውሻው በመቀመጫው መሬት ለመሬት ይጐተታል፤ የጅራቱንም ሥር ያኝካል። ከረጢቱን መጭመቅ ለሐኪም የሚተው ሥራ ነው። የኮሶ ትልም እንዲሁ ፊንጢጣውን ያሳክከዋል፤ በኩሱ ላይ ወይም በጅራቱ ሥር እንደ ሩዝ ፍሬ ያሉ ነጫጭ ቁራጮች ይታያሉ። ይህ የኮሶ ዓይነት በቁንጫ የሚተላለፍ ነው። ውሻው ሲያኝክ ቁንጫውን ይውጠዋል፤ በቁንጫው ውስጥ ያለው የትሉ ዘር በአንጀቱ ያድጋል። ከውሻ ጋር የሚጫወት ሕፃንም ቁንጫ ሳያውቅ ቢውጥ ይኸው ትል ሊይዘው ይችላል።

መ) ቁስልና ስብራት። ጅራቱ በበር ተቀርቅሮ፣ በበሬ ተረግጦ፣ ወይም እሾኽና ሙጃ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ጅራቱ የተቆረጠ ውሻም የተቆረጠው ጅማት አጕል ሽሮ ዘወትር ሊያመው ይችላል። ውሻ ኃይለኛ ይሆናል ብሎ ጅራት መቁረጥ ጥቅም የለውም፤ ውሻን ጥሩ ዘበኛ የሚያደርገው ጤናና አያያዝ ነው።

ሠ) እስራትና ሥራ ማጣት። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት የታሰረ ውሻ የሚሠራውን ሲያጣ ጅራቱን ማሳደድ ይጀምራል። ሲውል ሲያድር ልማድ ይሆንበታል፤ በመጀመሪያ ያስጀመረው ማሳከክ ከተወው በኋላ እንኳ ሊቀጥል ይችላል።

፫. ቁስሉን ስለ ማከም

የታመመ ውሻ የሚወደውን ጌታውን እንኳ ይነክሳል። ስለዚህ ሥራውን ሁለት ሰዎች ይሥሩት። የእብደት ምልክት አለመኖሩን ካረጋገጣችሁ በኋላ፣ ረዘም ባለ የጨርቅ ቅዳጅ አፉን ከላይ ዙራችሁ፣ ከአገጩ በታች አጣፍታችሁ፣ ከጆሮዎቹ በስተኋላ እሰሩት። መተንፈስ የሚያስቸግረውን ወይም የሚያስታውከውን ውሻ አፍ ግን አትሰሩ። ሥራው እንዳለቀም ወዲያው ፍቱት።

፩ኛ፤ በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ጠጕር በመቀስ ከርክሙ።

፪ኛ፤ ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ አቀዝቅዙ፤ በዚህ ውሃ ቁስሉን ጥዋትና ማታ እጠቡ፤ በንጹሕ ጨርቅም አድርቁ። ከዚያ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

፫ኛ፤ ጅራቱን በጨርቅ አጥብቃችሁ አትሰሩ። የጠበቀ እስር ደም እንዳይዘዋወር ከልክሎ ጅራቱን ያበሰብሰዋል።

፬ኛ፤ ውሻው እንዳያኝከው የአንገት መከታ ሥሩለት። አሮጌ የፕላስቲክ ባልዲ ወስዳችሁ፣ በቂጡ ላይ ውሻው ራሱን የሚያስገባበት ቀዳዳ ክፈቱ። እንዳይቈርጠው የቀዳዳውን ጠርዝ በጨርቅ ጠቅልሉ። በዙሪያውም አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች በስታችሁ በገመድ ከአንገት ማሰሪያው ጋር አያይዙት። የባልዲው አፍ ከአፍንጫው ጥቂት አልፎ ይቁም። በማሰሪያውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት። በዚህ ዓይነት እንደ ልቡ መብላትና መጠጣት መቻሉን ተመልከቱ፤ ካልቻለ በምግብ ሰዓት አውልቁለት።

ጅራቱ የጠቈረ፣ የቀዘቀዘ፣ የሚገማ፣ ትል ያፈራ ወይም አጥንቱ የታየ እንደ ሆነ፣ ወይም ሦስት ቀን ታጥቦ መሻል ካልጀመረ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይወሰድ። ጅራቱ መቆረጥ ካለበትም ሐኪም አደንዝዞ ይቁረጠው፤ ማጭድና መጥረቢያ የዚህ ሥራ መሣሪያ አይደሉም።

፬. ቁንጫን ስለ ማጥፋት

በዚህ ላይ እኔም ስሕተት ሠርቻለሁ። ለአዛውንቱ ገበሬ መጀመሪያ የነገርኋቸው ውሻውን በሳሙና እንዲያጥቡት ብቻ ነበር። አጠቡት፤ ውሻውም አንድ ሳምንት ያህል ዕረፍት አገኘ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ቁንጫው እንደ ቀድሞው ሆነ። ምክንያቱን ሳስበው አረምን ሥሩን ትቶ ቅጠሉን እንደ ማጨድ ነበር።

ቁንጫ የሚፈለፈለው በውሻው ገላ ላይ አይደለም። አንዲት እንስት ቁንጫ በቀን እስከ 40 ወይም 50 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉም ከውሻው ጠጕር ላይ እየረገፈ ውሻው በሚተኛበት ገለባና አፈር ውስጥ ይወድቃል። እዚያ ተፈልፍሎ ትል ይሆናል፤ ትሉም ድር ለብሶ ይቆይና ቁንጫ ሆኖ ይወጣል። በሙቀት ወራት ይህ ሁሉ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ሊፈጸም ይችላል። ድር ለብሶ ያለው ግን ለወራት ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ማጽዳት አይበቃም። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ።

ውሻው የሚተኛበትን ገለባ በሙሉ አውጥታችሁ ከቤትና ከክምር ርቃችሁ አቃጥሉ። ስፍራውን ጥረጉ፤ ጥራጊውንም አብራችሁ አቃጥሉ። ወለሉ ላይና በስንጥቁ ውስጥ የፈላ ውሃ አፍስሱ፤ ከዚያም ፀሐይ ይምታው። አዲስ ጉዝጓዝ አድርጉለት፤ በየሳምንቱም ለውጡ። ይህን ቢያንስ ለሁለት ወር ሳታቋርጡ ሥሩ።

ውሻውን ስታጥቡ በመጀመሪያ በአንገቱ ዙሪያ ወፍራም የሳሙና አረፋ አድርጉ፤ ይህ ቁንጫው ወደ ራሱና ወደ ጆሮው እንዳይሸሽ ይከለክላል። ከዚያ ገላውን ሁሉ አጥባችሁ በፀሐይ አድርቁት። ለውሻ ተብሎ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒትም ከእንስሳት ሐኪም ዘንድ በክብደቱ ልክ ይወሰድለት። በግቢው ያሉት ውሾችና ድመቶች ሁሉ በአንድነት ካልታከሙ ቁንጫው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። ነገር ግን ለውሻ የተሰጠውን መድኃኒት ለድመት አታድርጉ፤ አንዳንዱ ድመትን ይገድላል።

፭. ማድረግ የማይገባ ነገር

ናፍጣ፣ ላምባ ወይም የተቃጠለ የመኪና ዘይት በውሻ ገላ ላይ አታፍስሱ። ቆዳውን ያቃጥላል፤ ሲልሰውም ይመርዘዋል።

ለእህል የተገዛ ማላታይን፣ ዲያዚኖን ወይም ሌላ የተባይ መርዝ በውሻ ላይ አትርጩ። ቀድሞ ዲ.ዲ.ቲ. ለቁንጫ ይመከር የነበረበት ዘመን አለ። ጉዳቱ ከታወቀ በኋላ ግን በ1993 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ2001) በስቶክሆልም በተፈረመው ስምምነት፣ እንደ ወባ ትንኝ ያሉ በሽታ አስተላላፊዎችን ለመከላከል ካልሆነ በቀር እንዳይሠራበት ተወስኗል። «አባቴ ይጠቀምበት ነበር» ማለት ለደኅንነቱ ማስረጃ አይሆንም።

ለከብት የተገዛ የኢቨርሜክቲን መርፌ በግምት ለውሻ አትውጉ። ለሰው የሚሰጠውን ኢቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ ወይም ፓራሲታሞልም አትስጡ፤ ውሻን ሊገድሉ ይችላሉ።

ውሻው ሲያኝክ አትምቱት። ምቱ ማሳከኩን አያስቀረውም፤ ፍርሃቱና ጭንቀቱ ግን ማኘኩን ያብሰዋል።

፮. ስለ አስተሳሰርና ስለ ምግብ

ውሻ ቀን መታሰሩ ግድ ከሆነ የሚንቀሳቀስበት ዘዴ አለ። 10 ሜትር ያህል ርቀት ባላቸው ሁለት ጠንካራ ምሰሶዎች መካከል ሽቦ ወጥራችሁ፣ በሽቦው ላይ የብረት ቀለበት አስገቡ፤ ሰንሰለቱን ከቀለበቱ ጋር አያይዙ። ውሻው ከአንዱ ምሰሶ ወደ ሌላው ይመላለሳል። ሰንሰለቱ በምሰሶ ላይ እንዳይጠመጠም በሽቦው ጫፍና ጫፍ ማገጃ ይደረግ። በሚደርስበት ስፍራ ጥላና ውሃ ይኑር። ጥዋት ወይም ማታ ባለቤቱ ወደ ማሳ ሲሄድ ይዞት ቢወጣ ልማዱን ለማስተው ይረዳል።

የእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ የሚበላ ውሻ ቆዳውና ጠጕሩ ይጐዳል። የተቀቀለ ሥጋ ነክ ነገር፣ የተቀቀለ ባቄላ ወይም እንቁላል አልፎ አልፎ ይጨመርለት። በግ ወይም በሬ ሲታረድ ግን ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ አትጣሉ። በውስጡ ውሃ የቋጠረ ዕባጭ ካለበት፣ ከውሻው አንጀት ወደ ሰውና ወደ ከብት የሚመለስ ክፉ ትል ያስይዘዋል። ዕባጭ ያለበትን ቅበሩት ወይም አቃጥሉት፤ ጤነኛውንም ቢሆን በደንብ ቀቅላችሁ ስጡ።

፯. ውሻ ሰው የነከሰ እንደ ሆነ

የእብድ ውሻ በሽታ በለሐጭ ይተላለፋል፤ ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል። ምልክቱ በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ለማለት ይቻላል። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ያሳያል፤ ለሰው የሚተላለፈውም ከመቶ 99 እጅ በውሻ ነው። ነገር ግን ሉዊ ፓስተር በ1877 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1885) የመጀመሪያውን የተነከሰ ልጅ ከከተበ ወዲህ፣ በጊዜ የደረሰ ሰው ሊድን እንደሚችል ታውቋል። ስለዚህ፦

ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ቡና፣ አመድ፣ ቅጠል ወይም ቅቤ አታድርጉበት። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ መርፌውን ባለሙያው ባዘዘው ቀን ሁሉ አሟሉ። ቀናት አልፈዋል ተብሎም አይቀርም፤ ምልክት ሳይታይ እስከ ተደረሰ ድረስ ዘግይቶም ቢሆን መሄድ ይገባል። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ቢኖርም ጠበሉ ክትባቱን አያስቀርበትም፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ደኅና የሚመስለውንና የታወቀውን ውሻ በንዴት አትግደሉ። በጥንቃቄ ዘግታችሁ ከነከሰበት ቀን ጀምሮ 10 ቀን በባለሙያ ምክር ጠብቁት። በነከሰ ጊዜ በለሐጩ በሽታው የነበረበት ውሻ በዚህ ጊዜ ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። 10ኛውን ቀን በደኅና ካለፈ ለተነከሰው ሰው ታላቅ የምሥራች ነው። ሆኖም ክትባቱን ሳትጀምሩ የውሻውን መጨረሻ አትጠብቁ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን አስቀድሞ መከላከል ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፤ ከዚያም በየዓመቱ ይደገምለት።

የታሪኩ ፍጻሜ

አዛውንቱ ልጁ መነከሱን የሸሸጉት ጎረቤት «እብድ ውሻ አሳድገው» እንዳይላቸው ፈርተው ነበር። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚባለውን ባስታወስኋቸው ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና በቅሏቸውን ጫኑ። ልጁ በዚያው ቀን ከጤና ጣቢያ ክትባቱ ወዳለበት ሆስፒታል ተልኮ መርፌውን ጀመረ። ውሻው በተዘጋ ጋጣ ውስጥ ሆኖ ምግቡና ውሃው በረጅም እንጨት እየተገፋ ተሰጠው። ከተናከሰበት ቀን ጀምሮ 10 ቀን ሲሞላ ይበላ ይጠጣ ነበር፤ የጤና ባለሙያውም ይህን አረጋግጦ የቀረውን መርፌ አቆመ።

ማሳከኩን ያመጣው ቁንጫው ነበር፤ ያባባሰው ማጭዱና አጭሩ ሰንሰለት ናቸው። ጉማጁን የእንስሳት ሐኪም አክሞ አዳነው፤ ውሻውም በዚያው ተከተበ። ገለባው ተቃጠለ፤ ሽቦውም ተወጠረ። በኋላ ለአጨዳ ጊዜ በሄድሁ ጊዜ ውሻው ጅራተ ጉማጅ ሆኖ፣ ነገር ግን ሳያኝክ፣ ከሩቅ አይቶኝ ጮኸብኝ። አዛውንቱም ከደጃፋቸው ሆነው፣ «ልጄ፣ ቁም! አሁን ሥራውን ጀምሯል፤ መጥቼ እስክይዘው አትግባ» አሉኝ።

እናንተም ዛሬ ማታ ውሻችሁ የሚተኛበትን ስፍራ በፋኖስ ወይም በባትሪ ተመልከቱ፤ የጅራቱንም ሥር ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ያልተከተበ ከሆነም የክትባቱን ቀን በቀበሌያችሁ ካለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ።